ምዕራፍ ስድስት፦ የጥንት መኪና ለባለቤቷ ፍጽምት የምትሆነው በምንድን ነው?

የጥንት መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው መኪናይቱ የተሠራችበትን ዓመት፣ ቀለሟ የፋብሪካ መሆን አለመሆኑን፣ ከእርሷም ዓይነት በሀገር ውስጥ ስንት እንደ ቀሩ ነው፤ እነዚህ ጥያቄዎች ምንም እንኳ የሚናቁ ባይሆኑ፣ ለቤተ መዘክር ዕቃ የሚያሰባስብ ሹም ሊያስብባቸው የሚገቡ ናቸው እንጂ፣ በየማለዳው ሞተር አስነሥቶ ወደ ሥራው ለሚሄድ፣ በበዓለ ጥምቀት ቤተሰቡን አሳፍሮ ዘመድ ለሚጠይቅ፣ በክረምት ጭቃና በበጋ አቧራ ውስጥ ከመኪናይቱ ጋር ለሚኖር ባለቤት ዋነኞቹ ጥያቄዎች አይደሉም። ለእርሱ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም «ይህች መኪና በእኔ ሀገር፣ በእኔ መንገድ፣ በእኔ ገቢና በእኔ ዕውቀት ልትኖር ትችላለችን?» የሚለው ነው።

በአዲስ አበባ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ለሕዝብ እይታ የቀረቡትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መኪናዎች የተመለከተ ሰው፣ የብረታቸውን ውበትና የሠሪዎቻቸውን ጥበበ እድ አይቶ ሳያደንቅ አይመለስም፤ ነገር ግን ከእነዚያ መካከል አንዲቱን ወደ ቤቱ ቢወስዳት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ጎማዋን የሚያገኝበት፣ ሞተሯን የሚከፍትለት፣ የምትጠጣውንም ቤንዚን የሚችልበት አቅም አጥቶ እንደሚጨነቅ የታወቀ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት ማለዳ፣ ከዚያው ቤተ መንግሥት የወጡት እንደ ቀድሞው ልማድ በታላቂቱ የክብር መኪና ሳይሆን በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። የክብር መኪናዎቹ ዛሬ ቆመው የሚታዩ ቅርሶች ሲሆኑ፣ የዚያች የቮልስዋገን እኅቶች ግን ከዚያ ማለዳ ግማሽ ምእት ዓመት በኋላ በአራት ኪሎና በፒያሳ፣ በአምቦና በጉደር መንገድ ላይ ገና እየሄዱ ነው። ይህን ያህል ዘመን እንዲሄዱ ያደረጋቸው ምን እንደ ሆነ መመርመር፣ የዚህን ምዕራፍ ጥያቄ ለመመለስ ከሁሉ የቀና መንገድ ይመስለኛል።

መኪና ወደ ሀገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በሲድሌይ መኪና፣ ጀርመናዊው ሆልትዝ በናኬ መኪና፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ እየተጎተቱም እየተገፉም ከዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ነገርን ሁሉ በእጃቸው መርምረው የማወቅ ፍቅር የነበራቸው ስለሆኑ፣ በመኪናይቱ ላይ ተሳፍረው አሠራሯን መማራቸው ይነገራል። በዚያው ዘመን አካባቢ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚሄደው መንገድ ተሠርቶ ነበርና፣ ከሀገራችን የመኪና መንገዶች መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ዛሬ ወደ ምዕራብ ሸዋ የምንወርድበት መንገድ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ የመንገድ ሥራ በሥርዓት ሲስፋፋ፣ መኪናም የመኳንንትና የመልእክተኞች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመምህሩ፣ የጸሐፊው፣ የሐኪሙና የነጋዴው ገንዘብ እየሆነ መጣ።

አሁን አንባቢ ሆይ፣ በእጃጂ ከተማ የሚኖር አንድ መምህር አለ እንበል። እጃጂ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ ከጌዶ በኋላ ከባኮ በፊት የምትገኝ ናት። መምህሩ ዋና ከተማ መድረስ ባስፈለገው ጊዜ፣ ከጌዶ ከፍታ ወጥቶ፣ ወደ ጉደር ወርዶ፣ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችውን አምቦን አልፎ፣ በጊንጪና በሆለታ ደጋ አድርጎ ይገባል፤ ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ዳገትና ቁልቁለት በተቃራኒው ይሄደዋል። የበቆሎው ማሳ በሚያብብበት ክረምት ዝናቡ ብርቱ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገነጠለውም መንገድ ጭቃ ነው። በከተማይቱ ጋራዥ ቢኖርም፣ በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ያለውን ብዛት ያህል ነገር በዚያ አይገኝም። ይህ መምህር የጥንት መኪና ይዞ ለመኖር ቢፈልግ የትኛይቱ ፍጽምት ትሆንለታለች?

መልሱን ከላይ ካነሣናት ከቮልስዋገን፣ ባጭሩ ከቮልስ፣ ውስጥ እንጀምር። የጥንት ሊቃውንት ፍጥረትን ሁሉ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት የተገኘ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር፤ ፌርዲናንድ ፖርሼ የቮልስዋገንን ሞተር ሲያቅድ ከእነዚህ ከአራቱ ውሃን ትቶ፣ እሳቱን በነፋስ ብቻ እንዲበርድ አደረገ። ስለዚህ ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የሚፈስ ቱቦ፣ የሚሰነጠቅ የውሃ ፖምፓ፣ በመንገድ ላይ ፈልቶ የሚያስቆም ውሃ የለባትም። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ፣ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ፊት ለፊት ተጋድመው ተቀምጠዋል፤ ክብደቱም በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በጭቃ ዳገት ላይ ከመጠኗ በላይ ትጎትታለች። ሞተሩ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለሆነ፣ ልምድ ያለው መካኒክ ከረዳቱ ጋር ሆኖ በአጭር ጊዜ አውርዶ መሬት ላይ ሊያኖረው ይችላል። እንዲህ ያለው ቀላልነት ለሠሪው ክብር እንደ ሆነ ሁሉ፣ ከዋና ከተማ ርቆ ለሚኖር ባለቤት ደግሞ የነጻነት መሠረት ነው።

የዚህች መኪና ሁለተኛው በረከት ብዛቷ ነው። ፋብሪካዋ በጀርመን ሀገር እ.ኤ.አ. በ1938 ተመሥርቶ፣ ከጦርነቱ ፍርስራሽ በኋላ በእንግሊዛዊው ሻለቃ በአይቫን ሂርስት ጥረት እንደገና ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 ከ15 ሚሊዮን በላይ በመሠራቷ የፎርድን «ሞዴል ቲ» ቍጥር አለፈች፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ሀገር በፑዌብላ ከተማ የመጨረሻይቱ ስትወጣ ጠቅላላ ቍጥሯ 21,529,464 ደርሶ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ብዛት ያላት መኪና መለዋወጫዋ ቶሎ አይጠፋም፤ በአሮጌ የቮልስ ሬሳ ውስጥም ለሕያዋኑ የሚሆን ብልት ይገኛል። ብርቅ የሆነች መኪና ለዓይን ደስ ታሰኛለች፤ ነገር ግን ብርቅነቷ ራሱ ለባለቤቷ የመከራ ምንጭ ሊሆን ይችላልና፣ ገዢ የሆነ ሰው ብርቅነትን ከፍጽምና ጋር አንድ አድርጎ እንዳይቈጥር አጥብቄ እመክረዋለሁ።

ምንም እንኳ ቮልስ ሁሉ ከሩቅ ሲታይ አንድ ቢመስል፣ በውስጣቸው ያለው ልዩነት ለባለቤቱ ትልቅ ነገር ነው። የኋላ መስኮታቸው እ.ኤ.አ. እስከ 1953 ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1957 እንቍላል መሰል፣ ከ1958 ሞዴል ጀምሮ ሰፊ ሆኖ የተሠሩት በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋቸው የተለያየ ነው፤ ለእጃጂው መምህር ግን ከመስኮቱ ቅርጽ ይልቅ የሚጠቅመው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ሞዴል በፊት የተሠሩት በአብዛኛው የቤንዚን መለኪያ ስለሌላቸው፣ ነጂው ሞተሩ መንገጫገጭ ሲጀምር የመጠባበቂያውን መዝጊያ ማዞር ነበረበት። እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል በፊት የነበሩት ደግሞ በአብዛኛው 6 ቮልት ናቸው፤ የ6 ቮልት ባትሪና አምፖል በትናንሽ ከተሞች ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትን የ12 ቮልቶቹን መምረጥ ይሻለዋል። የ1200 ሞተር 34፣ የ1300 40፣ የ1500 44፣ የ1600 ደግሞ 50 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣሉ፤ ይህ ግን በባሕር ወለል ላይ የተለካ ነው።

ከፍታ የሚያደርገውን ነገር ብዙ ባለመኪና ሳያውቀው ይኖራል። ሞተር የሚሠራው ቤንዚን ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሲቃጠል ነውና፣ አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 2,400 ሜትር ያህል በሆነው ቦታ፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ወደ 30 ይወርዳል። በባሕር ዳርቻ ሀገር የተስተካከለ ካርቡራተር በእኛ ደጋ ላይ ቤንዚኑን ከአየሩ በላይ ያበዛዋል፤ ጢሱ ይጠቍራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገቱ ይከብዳል፣ ባለቤቱም መኪናይቱ እንዳረጀች አድርጎ ያማታል። መካኒኩ አነስ ያለ ቀዳዳ ያለውን ዣት አስገብቶ ሲያስተካክልላት ግን ብዙውን ጊዜ ያጣችውን ጤንነት ትመልሳለች። ጌዶን ወጥቶ ወደ ባኮ ቆላ የሚወርድ ሰው የአየሩ ልዩነት በአንድ ጉዞ ውስጥ ስለሚያጋጥመው፣ ማስተካከያው ለመኖሪያ ቦታውና አዘውትሮ ለሚሄድበት መንገድ እንዲሆን ለመካኒኩ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።

በነፋስ የሚበርድ ሞተር የራሱ የሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ይህን የማይቀበል ሰው ቮልስን ባይገዛ ይሻለዋል። ነፋሱን የሚነዛው ማራገቢያ የሚዞረው ዲናሞውን በሚያዞረው በዚያው በአንድ ቺንጋ ነው፤ ቺንጋው ሲበጠስ የባትሪው ቀይ መብራት ይበራል፣ ሞተሩም ነፋስ ያጣል። በሌላ መኪና የባትሪ መብራት ቢበራ እስከ ቀጣዩ ከተማ መንዳት ይቻል ይሆናል፤ በቮልስ ግን ያን መብራት ያየ ነጂ ወዲያው ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት አለበት፤ ካላጠፋ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ አንድ ትርፍ ቺንጋና እሱን የሚፈቱበት ቁልፍ ምንጊዜም ከፊት ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ መኖር አለባቸው፤ ባለቤቱም ጸጥ ባለ ቀን ደጁ ላይ ቆሞ ቺንጋውን በራሱ እጅ አውጥቶ መመለስን ይለማመድ። በአውራ ጣት መካከሉን ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቢረግብ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል፣ ከላላ ደግሞ ማራገቢያውን በቅጡ አያዞርም።

ዘይቱም እንዲሁ ነው። በሞተሩ ውስጥ ያለው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ፣ ግማሽ ሊትር ቢጎድል ከአምስት አንድ እጅ ጎደለ ማለት ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ማብረድም ስለሚጠበቅበት፣ በየሳምንቱ መጠኑን መመልከት፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩም ከነወንፊቱ አጥቦ መለወጥ የሚያስፈልግ ነው። በዚያው ጊዜ የቫልቮቹን ክፍተት ሞተሩ ፈጽሞ ሳይሞቅ ማስተካከል ይገባል፤ ለአብዛኞቹ ሞተሮች ልኩ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲናው ክፍተት ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ «ቶሎ ልሥራልዎት» የሚል መካኒክ ቢገጥመው፣ ባለቤቱ በትሕትና «ልጄ፣ እስከ ነገ ጠዋት እዚህ ትደር» ብሎ ቢመልስለት ሞተሩን ያተርፋል።

ቁልቁለት ሌላው ፈተና ነው። ከጌዶ ሲወርድ በነጻ ማርሽ የሚንሸራተት ሰው ቤንዚን የቈጠበ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን መኪናዎች የአራቱም ጎማ ፍሬን በአብዛኛው በከበሮ የሚሠራ ስለሆነ፣ ሲግል አቅሙን ያጣል፣ እግር ቢረግጥም የሚቆም ነገር አይገኝም። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ መውረድ፣ ፍሬኑንም ቀጥ አድርጎ ከመያዝ ይልቅ እየረገጡ እየለቀቁ መጠቀም ነፍስን የሚያድን ልማድ ነው። ስለ ፍጥነት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጥንታዊት መኪና ከዘመናዊ መኪና ጋር ልትሽቀዳደም አልተፈጠረችም።

እጅግ የሚያሳስበኝ ግን የቤንዚን ቱቦ ነገር ነው። ከጌዶ ወደ ሰሜን የተገነጠለው መንገድ በሚደርስበት በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል ይመረታል፤ በአዲስ አበባም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ለሀገር ጥቅም የታሰበው ይህ ድብልቅ፣ ለዚያ ዘመን ቤንዚን ብቻ ተብሎ የተሠራን ጎማ ቱቦ ያለሰልሳል፣ ያሰነጥቃልም። በቮልስ ውስጥ ቤንዚኑ ከፊት ካለው ታንክ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄዶ ከጋለው ሞተር አጠገብ ወዳለው ካርቡራተር ስለሚገባ፣ በዚያ ያለች አንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ መኪናይቱን በሙሉ ልታቃጥል ትችላለች፤ በዓለም ላይ ብዙ ቮልሶች የጠፉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቱቦው ርካሽ ነው፤ ኢታኖል የሚችለውን ዓይነት ገዝቶ፣ ጫፉን በማጥበቂያ አሥሮ፣ በየዓመቱ ከቦሎው ምርመራ በፊት መለወጥ፣ ከወንበሩ ሥርም አንዲት ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ማኖር ከቀለም ሁሉ ይቀድማል።

ሌሎቹን መኪናዎች በአጭሩ ልጥቀስ። መምህሩ የሚኖረው በከተማ ሳይሆን ከአስፋልት ርቆ በሚገኝ እርሻ ላይ ቢሆን፣ በቀበሌ መንገድ የሚጭነውም እህል ቢኖር፣ ለእርሱ ፍጽምት የምትሆነው ቮልስ ሳትሆን ላንድሮቨር ናት፤ በአራቱም ጎማ ትነዳለች፣ አካሏ ከአሉሚኒየም ስለተሠራ እንደ ብረት አይዝግም፤ ይሁን እንጂ ሻንሲዋ ብረት ነውና ከሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ይገባል። ቀድሞ በአዲስ አበባ በታክሲነት ስትሠራ የነበረችው ፊያት 600፣ ማለት ሴይቼንቶ፣ ለከተማ ጎዳና እጅግ የምትመች ብትሆንም፣ በውሃ የምትበርድ ትንሽ ሞተር ያላት ስለሆነች የጌዶን ዳገት አዘውትሮ ለሚወጣ ሰው አልመክራትም። ፔጆ 404 በክፍለ ሀገር መንገድ ላይ ጽናቷን ያስመሰከረች፣ ቤተሰብ ለሚያበዛ ሰው የምትስማማ ናት። ላዳ ደግሞ መለዋወጫዋም መካኒኳም ገና በአዲስ አበባ ስለሚገኙ፣ ጥንታዊነትን ያን ያህል ለማይፈልግ ሰው ቀና መንገድ ናት።

ለመግዛት የሄደ ሰው፣ በቅሎ ገዢ ጥርስ ሳያይ ዋጋ እንደማይናገር፣ ከዋጋ በፊት አካልን ይመርምር። ቮልስን የሚገድላት ሞተሯ ሳይሆን ዝገት ነው። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ፣ የሚፈሰው አሲድ ወለሉን ይበላዋል፤ ወንበሩን አንሥቶ፣ ምንጣፉን ገልጦ፣ በመብራት ማየት ያስፈልጋል። ከበሩ ሥር ያለው የብረት ወገብ የአካሉን ጥንካሬ የተሸከመ ስለሆነ፣ እሱ የበሰበሰ እንደ ሆነ የባትላሜራው ሥራ ረጅም ይሆናል። በኪሱ ትንሽ ማግኔት ይያዝ፤ ማግኔቱ በማይጣበቅበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነውና። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ በሁለት እጁ ወደ ራሱ ይሳብ፣ ወደ ውስጥም ይግፋ፤ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከሰማ የውስጡ ኩሽኔታ እንዳለቀ ይወቅ። ሞተሩ ሲነሣ ጢሱን ይመልከት፤ ሳያቋርጥ ሰማያዊ ጢስ ካወጣ ፋሻው አልቋል፣ ቁልቁል ሲወርድ ብቻ ከሆነ ግን የቫልቭ መምሪያው ይሆናል፤ የኋለኛው ከፊተኛው ይቀላል።

ወረቀቱንም እንደ አካሉ ይመርምር። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር በመካከለኛው ጉብታ ላይ ተቀርጿል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ ግርጌ ይገኛል። ሁለቱ ከሊብሬው ጋር ካልተስማሙ፣ ሻጩ የሚያቀርበው ምክንያት ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ነገሩ በመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሳይስተካከል አንዲት ሳንቲም አይክፈል። በዘመናት ብዛት ሞተራቸው የተለወጠ ቮልሶች ብዙ ናቸው፤ ለውጡ ነውር አይደለም፤ ያልተመዘገበ ለውጥ ግን ለገዢው ወጥመድ ነው።

ይህን ስል «እንግዲያ መኪናይቱ ከፋብሪካ እንደ ወጣች መቅረት አለባትን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በውጭው ዓለም ያሉ አንዳንድ ጠበብት፣ ከመጀመሪያዎቹ ቡሎኖች አንዲት እንኳ መለወጥ የለባትም የሚል ጽኑ አቋም አላቸው፤ እኔ ግን ለሚነዳት ባለቤት ይህን ሕግ አልጭንበትም። አዲስ የቤንዚን ቱቦ፣ የወንበር ቀበቶ፣ የሚያበራ መብራት፣ ለዳገቱ የተስተካከለ ካርቡራተር መኪናይቱን አላረከሷትም፤ ሕይወቷን አረዘሙላት እንጂ። የምቃወመው ወደ ኋላ ሊመለስ የማይቻለውን ለውጥ ነው፤ የአካሏን ብረት መቍረጥ፣ ጣራዋን መክፈት፣ የነፋሱን መግቢያ መሸፈን፣ ለጌጥ ሲባል ጎማዋን ከልክ በላይ ማስፋት ለሚቀጥለው ባለቤት የተተወውን ርስት ማባከን ነው። የነቀልከውን ክፍል በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ስሙን ጽፈህ በሳጥን ብታኖረው፣ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ልብ ብሎ ያመሰግንሃል።

ለእጃጂው መምህር ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ግን ሳይንቅ የሚሠራለት መካኒክ ነው። በአምቦ ወይም በጉደር፣ እድሜውን ሁሉ ከእነዚህ ሞተሮች ጋር የኖረ ሽማግሌ ባለሙያ ቢያገኝ፣ በሥራው ቀን አጠገቡ ቆሞ ይመልከት፤ ለምን እንደሚያደርግ ይጠይቀው፤ ሽማግሌው «ጋሼ መምህር፣ ይህን ድምፅ ይስሙት፤ ቫልቩ ላልቶ ነው» ሲለው ድምፁን እስኪያውቀው ድረስ ይስማ። ምክንያቱም የእነዚህ ባለሙያዎች ዕውቀት በብዛት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በጆሮና በእጅ የሚተላለፍ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ አብሯቸው እንዳያልፍ፣ ወጣት ተለማማጅ አብሮ እንዲቆም ማድረግ ለመኪናይቱ መለዋወጫ ከመግዛት አይተናነስም። ወደ ሶማሌ ተራ ሲወርድም የክፍሉን ስም በባለሙያው አፍ እንደሚጠራው አድርጎ፣ አሮጌውንም ክፍል በእጁ ይዞ ይሂድ፤ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን ብሎ የሚጠይቅ ሰው በከንቱ አይጉላላም።

ስለ ነዳጅም አንድ ቃል ልጨምር። ጤነኛ ቮልስ በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ያህል ትበላለች፤ ታንኩ 40 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ከእጃጂ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህሉን ጉዞ፣ በአንድ ሙሊት ሊደረግ ይችላል። ቤንዚን በሚጠፋበት ወቅት ይህ ስሌት ለክፍለ ሀገር ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። ባለቤቱ ከተለመደው በላይ ቤንዚን መብላቷን በቀላሉ ሊያውቅ የሚችለው ግን በጻፈው ጊዜ ነውና፣ ለመኪናይቱ አንድ መዝገብ ይክፈትላት፤ የሞላበትን ቀንና ሊትር፣ የኪሎ ሜትሩን ቍጥር፣ ዘይት የተለወጠበትን፣ ቫልቭ የተስተካከለበትን፣ የተገዛውን ክፍልና የገዛበትን ሱቅ በቅደም ተከተል ይጻፍበት።

ዘመናችን ይህን ጉዳይ የበለጠ አስቸኳይ አድርጎታል። የኤክሳይዝ ታክሱ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ያረጀ መኪና ከውጭ ማስገባት እጅግ ከብዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ አግዶ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መዞርን መርጧል። ስለዚህ በሀገራችን ያሉት ቮልሶች፣ ላንድሮቨሮችና ፔጆዎች ቍጥራቸው ከእንግዲህ የሚጨምር አይመስልም፤ በየጓሮው በሣር ተውጠው የቆሙትም ቢሆኑ የመለዋወጫ ጎተራ ናቸውና፣ ለብረት ለቃሚ በኪሎ ከመሸጣቸው በፊት አንድ ባለሙያ ቢያያቸው መልካም ነው። የተቀመጠችን መኪና ለማስነሣት የተነሣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቁልፍ አዙሮ ሞተሯን አያስጨንቃት፤ አሮጌውን ቤንዚን ያፍስስ፣ ቱቦዎቹን ይለውጥ፣ ካንዴላዎቹን አውጥቶ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ያንጠባጥብ፣ አንድ ቀን ይተዋት፣ ከዚያም ፑሌጃውን በቁልፍ በእጁ ቀስ አድርጎ ያዙር፤ በነጻ ከዞረች አዲስ ዘይትና ባትሪ አግብቶ፣ ፍሬኗን ከከበሮው ጀምሮ አስመርምሮ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ያስነሣት።

መምህሩም እድሜው ገፍቶ መንዳት ያቃተው ጊዜ ሲደርስ፣ ብዙ ገንዘብ ለሚሰጠው ሳይሆን መዝገቡን ተቀብሎ ገጽ በገጽ ለሚያነብለት፣ ቺንጋውን ራሱ አውጥቶ ለሚመልስለት ሰው ቢሰጣት እመርጣለሁ፤ ስም ዝውውሩን በሕግ ፊት ከጨረሱ በኋላ፣ የመካኒኩን ቤት አብሮት ሄዶ ያሳየው፣ በሳጥን ያኖራቸውን የነቀላቸውን ክፍሎችም ቈጥሮ ያስረክበው።